ስለ ቅሬው ቪትዝ ጉልበት የተላለፈ ውሳኔ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ለክብሩ ሲባል ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ቅሬ አለ። ሌላው አገር እድር ይለዋል። ሥራው የሞተን መቅበር፣ ያዘነን ማጽናናት፣ የታመመን ማሳከም ነው ተብሎ በደንቡ ተጽፏል፤ ይህ ቅሬ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ግን በስብሰባው ነው። ሰው ቢሞት ይሰበሰባል፣ ባይሞትም ይሰበሰባል። ለዚህ ሁሉ ትጋት ምስጋና የሚገባቸው ሰብሳቢው አቶ ሞላ ናቸው።

አቶ ሞላ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ምን ይሠሩ እንደነበር ጎረቤት በትክክል አያውቅም፤ እሳቸውም ሲጠየቁ "በዘርፉ ነበርኩ" ከማለት አያልፉም። ከዘርፉ ይዘውት የወጡትን ሀብት ግን ማንም አይክድም። "ከዚህ አኳያ" ብለው የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር፣ አንድም ሰው ሳያቋርጣቸው፣ ምሳ ሰዓት ያደርሱታል።

ቅሬው አዋጥቶ አንዲት ነጭ ቪትዝ የገዛው በእሳቸው ዘመን ነው። ዓላማው ግልጽ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ያልተቻለ በሽታ ወደ ደሴ ሆስፒታል ይላካል፤ ደሴ ለመድረስ ደግሞ የሀረጎን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት ግድ ነው። መኪናዋ የታመመውን ሰው ይዛ ያንን ዳገት ትወጣለች። በምረቃዋ ቀን አቶ ሞላ ሪባን ቆርጠው፣ ይህች ተሽከርካሪ የበሽተኛው ናት፣ ከበሽተኛው በቀር ማንም የእኔ ናት ሊላት አይችልም ብለው ተናገሩ። ሰዉ አጨበጨበ። ንግግሩ እስከ ዛሬ ይነሣል።

እንግዲህ በሽተኛ ብቻውን አይሄድም። በእኛ አገር ሰው ብቻውን ቢታመም እንኳ ብቻውን ሆስፒታል አይገባም፤ አጃቢ ያስፈልገዋል። ቅሬውን በመወከል አቶ ሞላ ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ፤ ይህ አያከራክርም። ሀጂ ዘይኑልአቢዲን መንገዱን ሁሉ ዱዓ ስለሚያደርጉ ከኋላ ይገባሉ። ሀጂ ከሄዱ መምሬ ኪዳኑ ሊቀሩ አይችሉም፤ ቅሬው የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ነውና እኩልነቱ የሚለካው በወንበር ነው። ሁለቱም ወንዶች በመሆናቸው ደግሞ ሴቶችን በመወከል ገንዘብ ያዧ ወይዘሮ ሥርጉት አሉ፤ ወፈር ያሉ፣ የተከበሩ ሴት ናቸው። ሾፌሩ ሚስባህ መንዳት ስላለበት ብቻ ተካትቷል። በሽተኛው በተረፈው ቦታ ይገባል።

ባለፈው ክረምት ሱሀይላ የምትባል ወጣት ትርፍ አንጀቷ ተነሥቶባት በዚሁ ሥርዓት ተጫነች። የደረሳት ቦታ በወይዘሮ ሥርጉትና በመኪናው በር መካከል ነበር። ቪትዟ እስከ ዳገቱ ግርጌ ጥሩ ሄደች። ጥምዙ ላይ ስትደርስ ግን አቃሰተች፤ ሚስባህ ማርሽ ቀነሰ፣ እሷም ፍጥነት ቀነሰች፣ በመጨረሻ ጨርሳ ቆመች። ከኋላቸው አንድ ተሳቢ ጡሩምባውን ነፋ። አንድ ሰው መውረድ እንዳለበት ሁሉም ገባቸው። ግን ማን ማንን ውረድ ይላል? ሀጂን በዚያ ዕድሜያቸው? መምሬን በዚያ ማዕረጋቸው?

በመኪናዋ ውስጥ በዕድሜ ታናሿ ሱሀይላ ነበረች፤ ያሳደጓት ደግሞ በሥርዓት ነው። "እናንተ ተቀመጡ፣ እኔ ልውረድ" አለች። ሽማግሌዎቹ በአስተዳደጓ ተደንቀው መረቋት። ጎኗን በሁለት እጇ ይዛ ጥምዙን በእግሯ ወጣች፤ ቪትዟም በዝግታ ከጎኗ እየሄደች አጀበቻት። ሀጂ በመስኮት ብቅ እያሉ "አብሽሪ ልጄ" ይሏት ነበር። ሱሀይላ በአላህ ፈቃድ ዳነች። ቅሬውም አገልግሎቱ ውጤታማ መሆኑን ለአባላቱ አበሠረ፤ የታየው ክፍተት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሞተሩ አቅም ማነስ ነው ተባለ።

ይህ ክፍተት ለአቶ ሞላ የግል ጉዳይም ነበር። ብቸኛ ልጃቸው ጽናት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ባሏ አፋር ላይ መንገድ ሥራ ስለሆነ የምትኖረው አባቷ ቤት ነው። ሐኪሙ ፅንሱ አግድም ስለተኛ ኮምቦልቻ ላይ መውለድ የለብሽም፣ ምጥ እንደጀመረሽ ሳትዘገዪ ደሴ ለቀዶ ጥገና ድረሺ ብሏታል። "ሳትዘገዪ" ሲል መነጽሩን ማውለቁን ጽናት አይታለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በደህና አልተኛችም። አቶ ሞላ ልጃቸውን ይወዳሉ። ስለሚወዷትም አጀንዳ አስያዙላት።

መፍትሔው የተገኘው ከሀይደር ጋራዥ ነው። ሀይደር ተጋጭታ ከመጣች ከአንዲት የውጭ መኪና ላይ የፈታው፣ ሱፐርቻርጀር የሚባል ዕቃ ነበረው፤ ለጊዜው የጋራዡን በር ንፋስ እንዳይዘጋው ይደግፍበታል። አቶ ሞላ ምንነቱን ቢጠይቁት፣ ሞተር የሚሠራው ቤንዚንና አየር እየበላ ነው አላቸው። ትንሽ ሞተር የሚበላው በፈቃዱ ነው፤ ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ይሠራል። ይህ ዕቃ ግን በጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ ከሞተሩ ጋር ታስሮ አየሩን በግድ ያጎርሰዋል። ሞተሩ አየር ሲበዛለት ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ጉልበትም ያወጣል።

"በግድ?" አሉ አቶ ሞላ ተመስጠው።

"አልበላም ቢልም አይሰማውም፣ አያ ሞላ።"

"ይህ ከባህላችን ጋር የሚሄድ ነው" አሉ አቶ ሞላ፤ ዕቃውንም በአክብሮት ዳሰሱት።

ጉዳትስ የለውም ወይ ሲሉት ሀይደር አልዋሸም። የዚህች መኪና ሞተር ለዚህ አልተሠራም፣ ሊግል ይችላል፣ የሞተሩ ማሸጊያ ጋርኒሲዮን ሊቃጠል ይችላል፣ ከባሰም ፒስተኑ ሊበሳ ይችላል አላቸው። የአቶ ሞላ ፊት ሲጠቁር አየና፣ ላይሆንም ይችላል አለ። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ፤ በሩን ወደፊት በምን እንደሚደግፈው ከወዲሁ እያሰበ ነበር።

ጠቅላላ ጉባኤው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የቅሬው ድንኳንና ብረት ድስት በሚቀመጥበት ግቢ ተጠራ። አቶ ሞላ ሲከፍቱ፣ ከዚህ አኳያ ተሽከርካሪያችን ከተማችን የደረሰችበትን ደረጃ የሚመጥን ሞተር የላትም፣ ቁልፍ ችግራችንም የአየር እጥረት መሆኑ ተለይቷል አሉ። ወዲያው ሁለት ጎራ ተፈጠረ። ወይዘሮ ሥርጉት ይገጠም አሉ። መምሬ ኪዳኑ ለትንሽ ሞተር ትንሽ ጉልበት የተሰጠው በምክንያት ነው ብለው ተቃወሙ። ሀጂ ዘይኑልአቢዲን ደሴ በተቃረብን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፣ ታዲያ ይህ ዕቃ የሚያጎርሰውን አየር ከየት ያመጣል ብለው ጠየቁ፤ ይህ ብዙ ሰው አስጨነቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ አባል አየሩን ከኮምቦልቻ በትርፍ ጎማ ሞልቶ መሄድ ይቻላል አለ። ሐሳቡ እንደ ግብዓት ተወሰደ።

በዚህ መሐል ጽናት እጇን አወጣች። ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ተነሥታ እስክትቆም ጊዜ ፈጀባት።

"ሁለት ሦስት ሰው ቢወርድስ?" አለች።

አቶ ሞላ ልጃቸው ነገሩ ያልገባት መስሏቸው "ከየት ነው የሚወርደው?" አሏት።

"ከመኪናዋ። በሽተኛው፣ አንድ አስታማሚና ሚስባህ ይሂዱ። ሌላው በሚኒባስ ይከተል።"

ከዚህ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው መከባበር ከአገራችን አልጠፋም ይላል። ሀጂ ቀድመው ተነሡና፣ ልጅቷ እውነቷን ነው፣ እኔ ወርጃለሁ አሉ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ እንዳይወርዱ ለመናቸው። መምሬ፣ ሀጂ ወርደው እኔ ልቀመጥ አልችልም፣ የምወርደውስ እኔ ነኝ አሉ። ሀጂ እጃቸውን ያዟቸው።

"ወላሂ መምሬ፣ እርስዎ አይወርዱም።"

"በቁርባኔ ነው የምልዎት ሀጂ፣ እርስዎም አይወርዱም።"

ወይዘሮ ሥርጉት እንባቸው መጥቶ፣ እንዲያውም እኔ ልውረድላችሁ አሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሴት አውርደን እኛ ልንቀመጥ ነው ወይ ብለው አዘኑ። አቶ ሞላም እኔስ ብወርድ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሰብሳቢው ከወረዱ ጉዞውን ማን ይመራል የሚል ስጋት ስላደረባቸው መልሰው ዘጉት። በመጨረሻ ሁሉም ተቃቀፉ፣ ተመራረቁ፣ ማንም ሰው እንዳይወርድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጽናት ቆማ ነበር። እሷን ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም።

የሱፐርቻርጀሩን ጉዳይ የሚያጠና የቴክኒክ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባላቱም ከብዙ ምክክር በኋላ አቶ ሞላ፣ ሀጂ፣ መምሬና ወይዘሮ ሥርጉት ሆኑ። ንዑስ ኮሚቴው ዕቃው ከመገጠሙ በፊት የሞተሩን ድክመት በዓይኑ ማየት አለበት ተብሎ የመስክ ምልከታ ተዘጋጀ። ውስጧ ተቀምጦ ስትወጣ ማየት ስለማይቻል አራቱም በሚኒባስ ቀድመው ሄደው ጥምዙ ዳር ቆሙ። ሚስባህ ቪትዟን ብቻውን ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ።

ቪትዟ መጣች። ቆርቆሮ የጫነ አይሱዙ ቀድማ፣ ጥምዙን ያለ ምንም ማቃሰት ዞራ፣ እጃቸውን አንሥተው ሳያስቆሟት ሽቅብ ከጉሙ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ንዑስ ኮሚቴው አቧራውን ከፊቱ ጠረገ።

"አጃኢብ ነው" አሉ ሀጂ።

"ዛሬ ከወትሮው የጎደለ ነገር መኖር አለበት" አሉ መምሬ።

ይህ ከባድ ጥያቄ ነበርና ሁሉም አሰቡበት። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሰብሳቢው አሉ። ሀጂ አሉ። መምሬ አሉ። ወይዘሮ ሥርጉትም ጃንጥላቸውን ዘርግተው አሉ። ሁሉም በየቦታው ተሟልቷል።

"በሽተኛ የለም" አሉ ወይዘሮ ሥርጉት።

አቶ ሞላ እዚያው ዳገቱ ላይ እጃቸውን ጨበጧቸው። ተሽከርካሪዋ ያለ በሽተኛ ስትንቀሳቀስ ምንም የጉልበት ችግር እንደሌለባት በመስክ ተረጋገጠ። ስለዚህ የሱፐርቻርጀሩ ጥናት እስኪቋጭ ድረስ በሽተኞች በሚኒባስ እንዲሄዱ፣ ቪትዟም አጃቢዎችን ይዛ እንድትከተላቸው ጊዜያዊ አቅጣጫ ተቀመጠ።

ለጽናት አባቷ ራት ላይ ነገሯት። እጇን ከመሶቡ መለሰች።

"አባዬ፣ መንገድ ላይ ብሞትስ?"

አቶ ሞላ እንዲህ አትበይ ልጄ፣ ቅሬው ምንጊዜም ከጎንሽ ነው አሏት። ይህ እውነት ነው፤ ለሞተ ሰው ቅሬው ከጎኑ ተለይቶ አያውቅም።

ምጡ የመጣው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ጎረቤቷ ጣይባ ደግፋት በባጃጅ መናኸሪያ አደረሰቻት፤ አቶ ሞላም አብረው ሄዱ። ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ሞልቶ ነበር። አቶ ሞላ ተሳፋሪዎቹን ስለ ጉዳዩ ግንዛቤ ለማስጨበጥ በሩ ላይ ቆመው "ከዚህ አኳያ" አሉ። ቀጥለው ያሉትን የሰማ የለም። የልጅቷን ፊት ያዩት ሁሉ ወርደው ነበር። ከደጋን ገበያ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ሰውዬ ጆንያውን ከመተላለፊያው ጎትቶ አወጣ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ አነጠፈችላት። ረዳቱ መስኮቱን መትቶ ሾፌሩን "ባዶውን ሂድ" አለው፤ ሚኒባስ ሳይሞላ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲወጣ ሰው ቆሞ አየ። ሰብሳቢ አልነበራቸውም፤ ድምፅም አልሰጡም። አቶ ሞላ ይህን ያህል ሥርዓት የሌለው አሠራር አይተው አያውቁም።

ጣይባ ከጽናት ጋር ሄደች፤ አቶ ሞላ ቦታቸው በቪትዟ ስለሆነ ቀሩ። መኪናዋ የተነሣችው ከዚያ ቆይታ ነው። መምሬ የረሱትን ጋቢ ሊያመጡ ተመለሱ፤ ወይዘሮ ሥርጉት የገንፎ ዱቄት ሲያስይዙ ቆዩ። አቶ ሞላ ከፊት ወንበር ሆነው ሰዓታቸውን ደጋግመው ያዩ ነበር። በሽተኛ ስላልተጫነ ቪትዟ በጥናቱ መሠረት እየበረረች መውጣት ነበረባት። ጥምዙ ላይ ግን እንደ ልማዷ አቃሰተች፣ ጨሰች፣ ቆመች። ሁሉም እንደ ልማዳቸው ታናሽ ፈለጉ። ታናሽ አልነበረም።

ሚስባህ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ልጨምር አለና ሁሉም ወርደው ሞተሩን ከበቡ። ውኃውን ጨምሮ ሲጨርስ አስነሥቶ ይሞክራት ጀመር። ባዶዋ ቪትዝ ጥምዙን በቀላሉ ወጥታ ከላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አራቱ ሽማግሌዎች ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት፤ ሀጂ በመምሬ ትከሻ፣ መምሬ በሀጂ ትከሻ ተደግፈው ነበር።

አቶ ሞላ መሐል መንገድ ላይ ቆሙ። ሁሉም ነገር ገባቸው። ሱሀይላ ጎኗን ይዛ የወጣችው ይህችኑ ቦታ ነበር። ልጃቸውን ከገዛ መኪናዋ አውርደው ለማያውቁት ሰው የሰጧት እሳቸው ናቸው። አፈሩ፤ እውነተኛ ኀፍረት ነበርና ጆሯቸው ጋለ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ሥርጉት እያለከለኩ ደረሱባቸው።

"አያ ሞላ፣ ምን ታየዎት?" አሏቸው።

አቶ ሞላ ቀና ብለው ከላይ የተከፈተውን የፊት ወንበር በር አዩ። ለዚያች ወንበር ብዙ ዓመት ደክመዋል።

"የአየር እጥረት ነው" አሉ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ጽናት ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ሐኪሙ፣ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አንዳቸውንም ባላተረፍን ነበር አላቸው። አቶ ሞላ ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ፤ በዚህ ማንም ሊያሾፍባቸው አይገባም። ወደ አልጋዋ ሲገቡ ጣይባ ሕፃኑን አሳቀፈቻቸው።

"እንዴት እንዲህ ቶሎ ደረስሽ ልጄ?" አሏት።

"ሰው ወረደልኝ" አለች ጽናት፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን ቪትዟ ልትቀበላት ደሴ ወጣች። ማለት፣ አጃቢዎቹን ይዛ ወጣች፤ እነሱም በየጥምዙ እየወረዱ እየተሳፈሩ ደረሱ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ይጋረፍ ስለነበር ጽናት ሕፃኑን ጠቅልላ ከበሩ ስትወጣ ሁሉም ብርዱን ሸሽተው በየወንበራቸው ገብተው ጠበቋት። መስኮት ዝቅ አድርገው በደስታ መረቋት። መንገዱ ቁልቁል ነውና ለሞተሩ የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። ቦታ ብቻ አልነበረም።

ጣይባ ምንም ሳትናገር ሚኒባስ አስቆመች። አቶ ሞላ ከፊት ወንበር ወረዱ። ጽናት ለአንድ አፍታ ልቧ ተስፋ አደረገ፤ አባቷ ግን የወረዱት የሚኒባሱን በር ሊከፍቱላት ነው። ከተቀመጠች በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ የምሥራች አለኝ፣ ንዑስ ኮሚቴው ዛሬ መኪና ውስጥ ተሰብስቦ ነበር አሏት። የቅሬው ቤተሰብ በልጅሽ ስለጨመረና ወደፊትም ስለሚጨምር ሱፐርቻርጀሩ እንዲገጠም ወሰንን፤ መምሬ እንኳ ሐሳባቸውን ቀይረዋል አሏት።

"ከተገጠመ በኋላ ሀረጎን ማንን ማንን ይዛ ትወጣለች?" አለች ጽናት።

አቶ ሞላ ደረታቸውን ነፉ። "እኛን እንዳለን ይዛ፣ ወጣቶችን የሚወክል አንድ ሰው ደግሞ ትጨምራለች። ማንም ሳይወርድ።"

"በሽተኛውስ?"

ሚኒባሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። አቶ ሞላ መስኮቱን ይዘው ጥቂት አብረውት ተራመዱ።

"እሱ ገና አጀንዳ አልተያዘለትም" አሉና ወንበራቸው ሳይያዝ ወደ ቪትዟ ተመለሱ።